ግማሽ ቀን በባንኮክ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባንኮክ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ለሽርሽር ብሎ አይነሣም። ወይ ሕመምተኛ ያስታምማል፣ ወይ ዕቃ ይሸምታል፣ ወይ ወደ ሌላ አገር የሚያሻግረውን አውሮፕላን ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ ሩጫ አንድ ነጻ ጠዋት ሲተርፈው «ከተማዋን ሳላይ ልመለስ ነው?» ይላል። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከዚያች ጠዋት የተወለዱ ናቸው።

«የግማሽ ቀን ጉብኝት በአስጎብኚ ልገዛ አስቤያለሁ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቤተ መቅደስ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የጀልባ ሽርሽርና የከበሩ ድንጋዮች መደብር ተዘርዝሯል። ዋጋውም ርካሽ ነው። ልግዛ?»

አይግዙ። ስድስት ቦታ በአራት ሰዓት ማለት የባንኮክን የመኪና መጨናነቅ በመስኮት መጎብኘት ማለት ነው። የርካሽነቱ ምስጢር ደግሞ መጨረሻ ላይ የተጻፈው መደብር ነው፤ አስጎብኚው ከሽያጩ ድርሻ አለው። እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። በቤተ መቅደሱ ሃያ ደቂቃ፣ በመደብሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ሻይ ቀረበልን፤ አንዲት ሴት እያንዳንዳችንን ጥላ ሆና ተከተለችን፤ ምንም ሳልገዛ ስወጣ የአስጎብኚያችን ፊት ዝናብ ያዘለ ደመና መስሎ ነበር።

ሁለት ቦታ ይምረጡ። ለእኔ ሁለቱ ዋት ትራይሚትና ዋት ፖ የሚባሉት ቤተ መቅደሶች ናቸው።

ዋት ትራይሚት በቻይናውያን ሰፈር ጫፍ ይገኛል። ሦስት ሜትር ያህል ቁመትና አምስት ቶን ተኩል ክብደት ያለው የወርቅ ቡድሃ እዚያ ተቀምጧል። ወርቅነቱ ለብዙ ዘመን ተረስቶ፣ ኖራ ተለስኖ፣ እንደ ተራ ሐውልት ይታይ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ ቦታ ሲያነሡት ገመዱ ተበጠሰና ወደቀ፤ ኖራው ሲሰነጠቅ ከውስጥ ወርቅ አብለጨለጨ። ከጠላት ለመሰወር የተለሰነ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ጥሩ አስጎብኚ የሚታወቀው ይህን ታሪክ ሲናገር ነው፤ ቸኩሎ «ወርቅ ነው፣ ፎቶ አንሡ» ካለዎት ከመጽሐፍ ማንበብ ይሻልዎታል።

በዋት ፖ 46 ሜትር የሚረዝም ቡድሃ በጎኑ ተጋድሟል። ሰው ሁሉ ፊቱን ፎቶ ለማንሣት ይጋፋል፤ እርስዎ ግን ወደ እግሩ ይሂዱ። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ውስጥ እግሩ በሚያብረቀርቅ የዛጎል ቅርፊት ተለብጦ 108 የመልካም ዕድል ምልክቶች ተሥለውበታል። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ድስቶች ተደርድረዋል፤ ሰው ሳንቲም እየጣለ ያልፋል። አንዴ ቆም ብለው ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚለው ድምፅ አዳራሹን ይዞታል።

«ትኬቴ ላይ 7:30 ይላል። ከሰዓት በኋላ ነው አይደል?»

ኧረ በፍጹም! በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሆን 13:30 ይሉት ነበር። የሚገርመው ታይላንዳውያንም በቀድሞ አቆጣጠራቸው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት እንደ እኛው «ሁለት» ይሉታል፤ ትኬት ላይ ግን አይጽፉትም። ደረሰኝዎ ላይ ከ2560 የሚበልጥ ዓመተ ምሕረት ቢያዩም አይደንግጡ። እኛ ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንቀር እነሱ 543 ዓመት ይቀድማሉ።

«ቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንድ ሰው ‹ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቤተ መቅደስ በቱክቱክ (በእነሱ ባጃጅ) ላድርስህ› አለኝ። አመስግኜው ተሳፈርኩ። አሁን ጥርጣሬ ገባኝ።»

ጥርጣሬዎ ልክ ነው፤ የዘገየው ትንሽ ብቻ ነው። ዝግ አልነበረም። ቱክቱኩ የት እንዳደረስዎት ልገምት? የከበሩ ድንጋዮች መደብር። የባንኮክ ያረጀ ማታለያ ይህ ነው። የሚያምኑት ቲኬት ቆራጩን ብቻ ይሁን።

«እኔና ባለቤቴ ቤተ መንግሥቱን ለማየት ምን እንልበስ? ነጠላ ይበቃታል?»

በነጠላ መሸፈን በሩ ላይ ላያሳልፋት ይችላል፤ እጅጌ ያለው ልብስና ረዥም ቀሚስ ትልበስ። እርስዎም ቁምጣውን ሆቴል ይተዉት። እዚያ ግቢ ልብስ ቀላል ነገር አይደለም፦ ዋናው ቅዱስ ምስል፣ «የኤመራልድ ቡድሃ» የሚባለው፣ በበጋ፣ በዝናብና በቅዝቃዜ ወራት መግቢያ በንጉሡ እጅ ልብስ ይቀየርለታል። ትልቅ ሐውልት ጠብቃችሁ እንዳታዝኑ፤ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የተቀረጸውም ከኤመራልድ ሳይሆን ከሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ነው። ምስሉ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። የቤተ መንግሥቱ መግቢያ ለውጭ አገር ሰው 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ስለሆነ ቤተ መንግሥቱን ከመረጣችሁ ጠዋቱን በሙሉ ስጡት።

«ኦርቶዶክስ ነኝ። ጫማ አውልቄ ብገባ መስገድ አይሆንብኝም?»

ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? እዚያ የሚያስገድድዎት የለም፤ የሚጠበቀው ዝምታና እግርን ወደ ምስሉ ዘርግቶ አለመቀመጥ ነው። ሴት ከሆኑ መነኩሴ እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። የቀረውን ለንስሐ አባትዎ ይተዉት።

«የምደርሰው ዓርብ ነው። የጾም ምግብ አገኛለሁ?»

ያገኛሉ፤ መፈለግ ግን ይጠይቃል። «አትክልት ብቻ» ብለው ቢያዙም የዓሣ መረቅ ጠብ ሳይደረግበት የሚወጣ ምግብ ጥቂት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ፣ ቢጫ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይፈልጉ። ለእኛ ዓይን 17 ቁጥርን ይመስላል፤ «ጄ» ተብሎ ይነበባል። እዚያ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ለወጥ ለለመደ ምላስ ትንሽ አልጫ ነው።

«አውሮፕላን እስክቀይር ስድስት ሰዓት አለኝ። ወጣ ብዬ ልመለስ?»

አይውጡ። የሚወጡ ከሆነ ግን ከቪዛው ሌላ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ይያዙ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይጠየቃል።

«ያለ አስጎብኚ ይቻላል?»

በደንብ ይቻላል። ከዋት ትራይሚት ጥቂት በእግር ተጉዘው ሁዋ ላምፖንግ ከተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይሳፈሩ፤ በሦስተኛው ማቆሚያ፣ ሳናም ቻይ ላይ ሲወርዱ ዋት ፖ ቅርብ ነው። ጉልበት ከተረፈዎት ታ ቲየን ወደሚባለው ወደብ ይዝለቁና በጥቂት ባት ወንዙን ይሻገሩ። ከወዲያ ማዶ በሸክላ ስባሪ ያጌጠው ዋት አሩን ቆሟል። እስኪሻገሩ ድረስ ኪስዎን ይፈትሹ፤ በቀድሞው የታይላንድ ንጉሥ በቡሚቦል ዘመን የተመታ የአሥር ባት ሳንቲም ካገኙ ገልብጠው ይመልከቱት፤ ያው ግንብ ተቀርጾበታል።