ጋዙ የት ሄደ? የአሮጌ መኪና ኤሲ ጥያቄዎቻችሁ

ከመጋቢት ወዲህ የሚደርሰን ጥያቄ ሁሉ ስለ ኤሲ ሆኗል። አይገርምም። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ብትከፍቱም የሚገባው ያው የአስፋልቱ ሙቀት ነው። አራት ጥያቄ መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ብሩን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በፈረንጆቹ 1992 የተሠራች ኮሮላ አለችኝ። አምና ሚያዝያ ላይ የኤሲ ጋዝ አስሞላሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሙቅ አየር መንፋት ጀመረች። ዘንድሮም አስሞላሁ፣ ወር ሳይሞላት ያው ሆነች። የሞላልኝ ልጅ «አሮጌ መኪና ጋዝ ቶሎ ይጨርሳል፣ በየዓመቱ ማስሞላት ነው» አለኝ። እውነት ነው ወይስ እየበላኝ ነው? (የኮሮላዋ ባለቤት፣ ከፋሲሎ)

መልስ፦ ይብላህ አይብላህ እሱና ህሊናው ያውቃሉ፤ የነገረህ ግን ልክ አይደለም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። የሚዞረው ዝግ መስመር ውስጥ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ይግላል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣና ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ በጠባብ ቫልቭ አልፎ ክሩስኮቱ ሥር ወዳለው ኢቫፖሬተር ሲገባ መልሶ ይተናል፣ ሲተንም የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ያረጀ የጎማ ቱቦ በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ማሳለፉ ያለ ነው። በወር ውስጥ ባዶ የሆነ መስመር ግን ቀዳዳ አለው፣ በቃ።

ስለዚህ ሌላ ጋዝ ከመግዛትህ በፊት ቀዳዳውን ፈልግ። ግማሹን ሥራ ራስህ ትችለዋለህ። ሞተሩን አጥፋ፣ ኮፈኑን ክፈት፣ የእጅ ባትሪ ያዝ። ከጋዙ ጋር ዘይት አብሮ ስለሚዞር ጋዝ በሚያመልጥበት ቦታ ዘይትም ይወጣል፣ ዘይቱ ደግሞ አቧራ ይይዛል። የምትፈልገው እንግዲህ ቅባት ያለው ጥቁር እድፍ ነው። መጀመሪያ ቱቦዎቹ ከኮምፕሬሰሩና ከኮንደንሰሩ ጋር የሚገናኙበትን በጣትህ ዳብሰው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችው ክብ ጎሚኒ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ብትደርቅ አይፈረድባትም። ቀጥሎ የኮምፕሬሰሩን ፊት እይ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን በኩል። ፍሪሲዮኑ ዙሪያ ዘይት ካለና በትክክል ትይዩው ባለው ብረት ወይም በኮፈኑ ሆድ ላይ እንደ ተረጨ ቀጭን መስመር ካየህ፣ የሚያፈሰው የዘንጉ ጎሚኒ ነው። ይሄ ኤሲው ለወራት ሳይነካ በቆየ መኪና ላይ የሚበዛ ችግር ነው። ጎሚኒዋ ዘይት ካልደረሳት ትደርቃለች። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት የምንለው ለዚህ ነው፣ የመስታወቱን ጉም ማጥፋቱ ደግሞ ምርቃት ነው። ጋዝ የሚሞላባቸውን ሁለት አፎችም አትርሳ። ውስጣቸው እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ ነገር አለች። የሳሙና አረፋ ቀባባትና ትንሽ ጠብቅ፤ አረፋው ካበጠ ብዙ ወጪ ሳታወጣ ተገላገልክ።

በዓይን ካልተገኘ ባለሙያው መስመሩን በናይትሮጅን ሞልቶ ይፈትሸው። ናይትሮጅን ነው ያልኩት። ብየዳ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ኦክስጅን የሚያገናኝ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ፤ ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ከተገናኘ ሊፈነዳ ይችላል። ሌላው መንገድ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም መስመሩ ውስጥ ከቶ ጥቂት ቀን መንዳትና የወጣበትን ማየት ነው። ኢቫፖሬተሩ ከሆነ የቀደደው፣ ክሩስኮቱ ስለሚፈታ ሥራው ይከብዳል፤ ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ጋዝ ወዲያው አይሞላም። መጀመሪያ ድራየሩ ይቀየር፣ ጠርሙስ የምታክል ብረት ናት፣ ውስጧ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለ። መስመሩ ተከፍቶ ከቆየ አሮጌዋ ጠጥታ ጠግባለች። እርጥበት ውስጥ ከቀረ ጠባቡ ቫልቭ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ኤሲው ጥሩ ሲያቀዘቅዝ ቆይቶ ድንገት ይተዋል፣ አጥፍተህ ስታሳርፈው ደግሞ ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርግ መኪና ካለህ ምክንያቱን አሁን አወቅክ። ቆይቶ ደግሞ እርጥበቱ ወደ አሲድነት ተለውጦ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

ከዚያ አየሩንና እርጥበቱን ከመስመሩ መጥጦ የሚያወጣው ቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ። እዚህ ላይ የኛ ከተማ ጉዳይ አለ። መመሪያዎች ጌጁ (የግፊት መለኪያው፣ ቫኪዩሙን በሜርኩሪ ኢንች ነው የሚያነበው) ወደ 29 ኢንች ካልወረደ ፓምፑ ደካማ ነው ይላሉ፣ ያ ግን ከባሕር ጠለል እኩል ላለ አገር የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ እዚህ 24 አካባቢ ላይ ከቆመ ፓምፑ የሚችለውን አድርጓል። ስለዚህ ባለሙያውን በ29 አታጨናንቀው። ይልቅ ፓምፑ ጠፍቶ ቫልቮቹ ሲዘጉ አጠገቡ ቁም፤ መርፌዋ ለሩብ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰች መስመሩ ይዟል፣ ወደ ዜሮ ከተመለሰች ግን ገና ቀዳዳ አለ፣ ጋዝ አታስገባ።

አሁን የጋዙ ዓይነት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩ መኪኖች የሚጠቀሙት አር 12 ነበር። በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ምርቱ እየቀረ ሄደ፣ እንደኛ ባሉ አገሮችም በ2010 እንዲያበቃ ተደረገ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የተካው አር 134ኤ ነው። ያንተዋ መሸጋገሪያው ላይ የተሠራች ስለሆነች ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ወረቀቱ ከተላጠ የመሙያ አፎቹን እይ፦ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ አፍ የአር 12 ነው፣ ተጭነህ ቀጭ የምታደርገው የአር 134ኤ። የአር 12 መስመር ወደ 134ኤ ሲቀየር አሮጌው ዘይት መውጣት አለበት፣ ማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድምና ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ለቅየራ በብዛት የሚመረጠው ኤስተር የሚባለው ዘይት ነው። የሚሞላው የ134ኤ ጋዝ መጠንም ወረቀቱ ላይ ካለው የአር 12 ክብደት ከ80 እስከ 85 በመቶ ይሁን።

ክብደት ስል ሚዛን ማለቴ ነው። «እስኪቀዘቅዝ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው አይንካልህ። ብዙ ትናንሽ መኪኖች የሚይዙት ከ500 እስከ 800 ግራም ነው፣ መቶ ግራም ወዲያና ወዲህ ልዩነት ያመጣል፣ ከልክ በላይ የሞላ ኤሲ ደግሞ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ጎንደር ነው የምመላለሰው፣ አሮጌ ሃይሉክስ ነች። መንገድ ላይ ስሄድ ኤሲው ብርድ ነው። ወረታ ገብቼ ስቆም ወይም ከተማ ውስጥ ቀስ ስል ይሞቃል። ጋዝ ልጨምር? (ለረጅም ዓመት ያሽከረከሩ አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ አይጨምሩ። ሲሄዱ ከቀዘቀዘ በአብዛኛው የጎደለው ነፋስ እንጂ ጋዝ አይደለም። ሲሄዱ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያበርደዋል፤ ሲቆሙ ግን ሥራው የፋኑ ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ካላት ኤሲ ሲያበሩ መነሳት አለበት፣ ካልተነሳ ፊውዙንና ሪሌውን ያሳዩ። በሞተሩ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ያዙሩት። ምንም ሳይጎትት የሚሽከረከር ከሆነ ማያያዣው ደክሟል።

ሌላው ቆሻሻ ነው። በፎገራ የሩዝ ማሳ በኩል አመሻሹ ላይ የሚነዳ ሰው መስታወቱ በነፍሳት ሲለጠፍ ያየዋል፣ ኮንደንሰሩ ላይ የሚለጠፈውን ግን ማንም አያይም። ከፊት ለፊት ባለው ፍርግርግ በኩል በባትሪ ይመልከቱ፣ ክንፎቹ መሐል ጭቃና ትንኝ ተጋግሮ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲበርድ ከኋላ ወደ ፊት ቀስ አድርገው ውሃ ያፍስሱበት። የመኪና አጣቢዎቹን ከፍተኛ ግፊት አያስጠጉ፣ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። አንድ ነገር ላክል፦ ወደ አዲስ አበባ ከወረዱ፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡም ሆነ በመልሱ ወደ ደጀን ሲወጡ የሙቀት መርፌዋ ከፍ ካለች ኤሲውን ያጥፉ። ኮምፕሬሰሩም ኃይል ይወስዳል፣ ኮንደንሰሩም ሙቀቱን የሚለቀው ራዲያተሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ያለውን ጋዝ በቅናሽ ልሙላልህ አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ የወጥ ቤት ጋዝም ይሠራል አለኝ። ምን ትላላችሁ? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጓደኛህ ሲሊንደሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ያሳይህ። አር 134ኤ ከሆነ ያው ነው፣ ብዙ ፍሪጅም የሚሠራው በሱ ነው። አር 22 ከሆነ አይሆንም፤ ግፊቱ ለመኪና ቱቦ በጣም ከፍ ያለ ነው። አር 600ኤ ከሆነም አይሆንም፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው።

የወጥ ቤቱ ጋዝ ያቀዘቅዛል፣ አልዋሽህም። ችግሩ ኢቫፖሬተሩ ያለው እግርህ ሥር መሆኑ ነው። ከቀደደ ጋዙ የሚወጣው መስኮት ወደተዘጋ መኪና ውስጥ ነው፣ ከዚያ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም ሲጋራ ይበቃል። ለሁለተኛ ቀን ደግሞ ለሌላ ባለሙያ ስትወስደው ምን እንደሞላህ ካልነገርከው እሱንም ታስፈጀዋለህ። የቀነሰልህ ብር ይቅርብህ።

በነገራችን ላይ ትክክለኛው ጋዝም ቢሆን በባዶ እጅ አይነካም። አር 134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው፣ የተረጨበትን ቆዳ በብርዱ ያቃጥለዋል፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ የከፋ ነው። ጓንትና መነጽር ይኑር።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ኤሲ ሳበራ ከመኪናው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፣ አሁን ደግሞ ጋቢና የሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጥቧል። ጋዙ ነው የሚፈሰው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እህቴ፣ ጋዝ በውሃ መልክ አይፈስም፣ ወጥቶ ወዲያው ይተናል። ከሥር የሚንጠባጠበው ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ የሰበሰበው እርጥበት ነው፣ እንዲያውም ኤሲው መሥራቱን ይነግርሻል። ምንጣፉ መርጠቡ ግን የማስወገጃዋ ቀጭን ቱቦ በቆሻሻ መዘጋቷን ያሳያል። ከሥር በኩል ጫፏን አግኝተሽ ቀስ ብለሽ ንፋስ ንፊባት ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ አስገቢባት፤ የሾለ ሽቦ አትጠቀሚ፣ ኢቫፖሬተሩን ሊወጋው ይችላል። ምንጣፉንም አንስተሽ ከታች ያለውን ስፖንጅ ፀሐይ ላይ አድርቂው። ጣትሽን ነክረሽ ፈሳሹ የሚያሟልጭና የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ጉዳዩ የኤሲ አይደለም፣ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፣ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ቀድዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሞተሩን ውሃ ሳታዪ ሩቅ መንገድ አትውጪ።