«ባደረባቸው ሕመም» ብዬ ልለፈው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ጠበቃ ነበሩ። አምና ኅዳር ላይ በጉሮሮ ካንሰር አረፉ። የቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የተወለዱበትን፣ የተማሩበትንና የሠሩበትን ቆጥሮ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ አለቀ። የማንም ሰው ታሪክ ሊሆን ይችል ነበር። ኅዳር 22 ሙት ዓመታቸው ነው። የሚነበበውን ጽሑፍ እኔ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ አዞኛል። ሁለት ነገር ግን ቸገረኝ። አያቴ «የዚያን ክፉ በሽታ ስም በሰው ፊት እንዳታነሺ» ብላኛለች። ከዘር ይወርዳል ተብሎ የልጆቻቸው ትዳር እንዳይበላሽ ትፈራለች። ሁለተኛ፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ የቆሙላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስማቸውን ልጥራ?
የእህታቸው ልጅ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ማንን እንደምትዪ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ገባኝ። ይህን ዓምድ የምጽፈው ማታ ማታ ነው። ቀን ቀን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ዘንድሮ 14 ዓመቴ ነው። አጎትሽን በዚያች መስኮት በኩል ነው የማውቃቸው።

አንድ ቀን ከጮቄ ሥር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። በእርሻ ድንበር ተከራክራ ተፈርዶባታል። የእሷና የባሏ ፎቶ ጎን ለጎን ያለበትን የመሬት ደብተር በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። አጎትሽ ለሌላ ጉዳይ ነበር የመጡት። አጠገቧ ተቀመጡና ውሳኔውን ከላይ እስከ ታች አነበቡላት። ከዚያ በአገርኛ ደግመው ነገሯት። በዱላዋ መሬት ላይ ድንበሩን እየሣሉ «ወንዙ በየት በኩል ነው? ዋርካውስ?» እያሉ ጠየቋት።

የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው። እሷ ግን ማንበብ አትችልም። «የማንን ማኅበር ትጠጫለሽ?» አሏት። «የሚካኤልን» አለች። «እንግዲያው ሁለተኛው ሚካኤል ሳያልፍ ነይ። ካለፈ በሩ ይዘጋል።» በመጀመሪያው ሚካኤል ዋዜማ መጣች። 12 እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ይዛ ነበር። አጎትሽ እንቁላሉን ተቀበሉ። እምቢ ቢሉ ትከፋ እንደነበር ያውቃሉ። ይግባኙን እዚያው አግዳሚው ላይ ጻፉላት። በኋላ መዝገቡ ተመልሶ እንዲታይ ተወሰነ።

የሴትዮዋን ስም እንዳልጠራሁ አየሽ? አንቺም አትጥሪ። ሰው ለጠበቃው የነገረው ጠበቃው ቢሞትም ምስጢር ነው። ሥራውን ተናገሪ፣ ስሙን ተዪው። የተረዳው ሰው ራሱ ተነሥቶ «እኔን ነው» ካለ ግን ደግ አደረገ።

ወደ በሽታው ልምጣ። ድምፃቸው ሲጎረንን ሁላችንም ብርድ ነው አልን። እኔ ራሴ «ማር በዝንጅብል ይጠጡ» ብያቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወራት አለፉ። ችሎት ላይ በቃል መከራከር ሲያቅታቸው ክርክራቸውን በጽሑፍ ማቅረብ ጀመሩ። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሲመላለሱ እንኳ ዓባይ በረሃን ተሻግረው ይደውሉልኛል። በዚያች ሹክሹክታ በሆነች ድምፅ «የዚያች ልጅ የቀለብ መዝገብ ለመቼ ተቀጠረ?» ይሉኛል።

በእኔ በኩል ካንሰር ብለሽ ጻፊው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ድምፁ የጎረነነ፣ ብርድ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ከአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ይህን ከአጎትሽ ታሪክ ውስጥ የሰማ ሰው ከማንም ምክር በላይ ያምናል።

አያትሽን ግን በሰው ፊት አታስደንግጫት። ልጇን ነው የቀበረች። ቡና ላይ ለብቻዋ አስቀምጠሽ ጽሑፉን ቀድመሽ አንብቢላት። በንክኪ እንደማይተላለፍ ንገሪያት። ይህ ዓይነቱ ካንሰር በአብዛኛው ከዘር የሚወርድ አይደለም፤ ከሲጋራና ከመጠጥ ጋር ነው ይበልጥ የሚያያዘው። አጎትሽ ያጨሱ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም አይደብቁም ነበር። ያንን ለእሷ ብቻ ንገሪ፤ ጽሑፉ ውስጥ ባይገባ ቅር አይለኝም። አሁንም እምቢ ካለች «የጉሮሮ ሕመም» በዪና የድምፃቸውን ነገር ሳታስቀሪ ጻፊ። የሚገባው ይገባዋል።

የተማሩበትን ትምህርት ቤት በአንድ መስመር ጨርሺው። ከሁለት ገጽ አታሳልፊ፤ ሕዝቡ ቆሞ ነው የሚሰማሽ።

ለገጠር ደንበኞቻቸው መልእክት ስትልኪ ደግሞ «ኅዳር 22» አትበያቸው። «የኅዳር ጽዮን ማግስት» በያቸው።