የቢራ ጣሳ ይዤ ጮቄ ልውጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሆነን ከደብረ ማርቆስ በእግራችን ጮቄ ተራራ ልንወጣ ተነጋግረናል። ሁለት ሌሊት ማደራችን አይቀርም። ድንኳኑና ብርድ ልብሱ ራሱ ጀርባ ይሰብራል፤ ድስት ከተጨመረበት አይቻልም። አንዱ ጓደኛችን «የቢራ ጣሳ አፉን ከፍተን እናፈላበታለን» ይላል። እኔ ይቀልጣል ባይ ነኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ስድስት ዓመት ጮቄ የወጣሁት በቢራ ጣሳ ሻይ እያፈላሁ ነው። አንዱን ደግሞ በገዛ እጄ አቅልጬዋለሁ።

ጣሳው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ነፋስ ያገኘ የከሰል ፍም ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የጣሳው ጎን ቢወፍር የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ታዲያ ለምን አይቀልጥም? ሙቀቱን ውሃው እየተቀበለ ስለሚወስድለት። ውስጡ ውሃ እስካለ ድረስ ጣሳው ከፈላው ውሃ ብዙም አይግልም። ውሃው ካለቀ ግን ጊዜ አይሰጣችሁም።

እኔን የገጠመኝ በኅዳር ነው። ከሮብ ገበያ በላይ አድረናል። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ግማሽ ጣሳ ውሃ ፍም ላይ ጥጄ ጭራሮ ለቀማ ሄድኩ። ስመለስ ሽታው ተቀበለኝ። የጣሳው ጎን እንደ ሰም ታጥፎ አመዱ ላይ ተኝቷል፤ ታችኛው ግማሽ የለም። አብረውኝ የመጡት ልጆች እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ሻይ እየጠበቁ ነበር። በሶውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን ጠጣን። ከዚያ ወዲህ ጣሳ ጥጄ ከአጠገቡ አልነሳም። ከእናንተም አንዱ ሥራው ይኼ ብቻ ይሁን።

ግማሽ ሊትር የሚይዘውን ጣሳ ምረጡ። ባዶው 20 ግራም አይሞላም። ከቆራሌው አትግዙ፤ የተጨረማመተ ጣሳ በታጠፈበት በኩል ይሰነጠቃል። አፉን በመቀስ አትቁረጡት። በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ምላጭ ነው፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይልቅ ጣሳውን ደፍታችሁ ሻካራ ሲሚንቶ ላይ እያዞራችሁ እሹት። አፉ ላይ የታጠፈው ጠርዝ እየሳሳ ይሄድና ክዳኑ በራሱ ይላቀቃል። የሚቀረው ቀለበት ወፈር ስለሚል አፉ እንዳይጣመም ይይዘዋል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ብናኙ እስኪጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከቀለበቱ ሥር ቀጭን ሽቦ አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ጠምዝዙ። ይኸው እጀታ። መክደኛው ፎይል ነው።

የጣሳው ወርድ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ጉልቻው ይጠጋጋ። ቡጢ የሚያህሉ ሦስት ድንጋዮች ይበቃሉ። በነፋሱ በኩል አንድ ትልቅ ድንጋይ አቁሙ፤ የጮቄ ነፋስ እሳቱን ሁሉ ወደ ጎን ይወስደዋል። በመንገድ ላይ ሻይ ቅጠሉን፣ ስኳሩንና ጦስኙን በጨርቅ ቋጥራችሁ ጣሳው ውስጥ ክተቱ። ባዶውን ከተሸከማችሁት ተጨፍልቆ ታገኙታላችሁ።

አሁን አደራ የምለው። መጠጡ አሉሚኒየሙን እንዳይበላው የጣሳው ውስጥ በስስ ፕላስቲክ ተቀብቷል። ስለዚህ ውሃ ብቻ አፍሉበት። ሽሮ አትሥሩበት፤ ሽሮ ሥሩን ይይዛል፣ ማንኪያውም ሽፋኑን ይፍቀዋል። ደረቁን አንዴ ከጋለ፣ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተታችሁ፣ በዚያ ጣሳ ምንም አትጠጡ። ይዛችሁት ውረዱ እንጂ እዚያው አትጣሉት። ባይነካ እንኳ ከአንድ ጉዞ በኋላ ቀይሩት ባይ ነኝ። ለሕፃን ወተት ማሞቂያማ ፈጽሞ አይሆንም።

ስንቃችሁንም ከዚሁ ጋር አስቡት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሻይ ይበቃል። ምስር ግን ሳይበስል ከሰላችሁ ያልቃል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። በሶ በትኩስ ውሃና በማር ሲበጠበጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ሌላ ምግብ አያሰኝም።

ከሰሉን ከታች ገዝታችሁ ውጡ። እዚያ የሚበቅሉትን አስታና ጅብራ የሚባሉ የደጋ ዕፅዋት እባካችሁ አትንኩ። ከዚያ ተራራ የሚነሱት ወንዞች አባይ የሚገቡ ናቸው፤ አስታው ደግሞ ተመልሶ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኮካ ጣሳ የአልኮል ምድጃ ሠርቻለሁ። ፋርማሲ ድረስ ከምሄድ በአረቄ ባነደውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። የቤት አረቄ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ቢለኮስልሽም ቶሎ ይጠፋል፤ ውሃሽም ለብ ብሎ ይቀራል። 96 በመቶ የሚለውን አልኮል ግዢ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጠፍቷል ብለሽ እላዩ ላይ እንዳትጨምሪ፤ እሳቱ ጠርሙሱን ይዞ እጅሽ ላይ ይመጣል። መዳፍሽን ከፍ አድርገሽ ከላይ ያዢው፤ ሙቀት ከሌለ ጣሳው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀሽ ሙዪው።