ሲ ሻርፕና ዶትኔት፦ ጠይቁ፣ ይመለሳል

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ ፕሮግራሞቹ ስለሚሠሩበት ስለ ዶትኔትና ስለ መሥሪያዎቹ ያላችሁን ጠይቁ። ክላስና ኦብጀክት ምን እንደሆኑ በመጀመሪያው ኮርስ አይታችኋል፤ ወደዚያ አልመለስም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኤረር ካለ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። በስልክ የተነሣ የስክሪን ፎቶ አላይም።

ሦስተኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ የቱን ላውርድ? ዶትኔት ፍሬምወርክ አለ፣ ዶትኔት ኮር አለ፣ ዶትኔት ብቻም አለ። ግራ ገባኝ።

መላሽ፦ ዶትኔት 10። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 ወጣ፣ የሦስት ዓመት ድጋፍ አለው። "ፍሬምወርክ" የሚለው አሮጌው ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። "ኮር" በ2016 መጣ፤ በ2020 ዶትኔት 5 ሲወጣ "ኮር" የሚለውን ከስሙ ላይ አነሱት። በቃ ይኸው ነው። ስታወርድ ኤስዲኬ (የፕሮግራም መሥሪያው ሙሉ ጥቅል) የሚለውን ምረጥ። ራንታይም ያለቀ ፕሮግራም ማስኬጃ ብቻ ነው፤ ኮድ አይጽፉበትም።

ባለ 4 ጊጋ፦ ቪዥዋል ስቱዲዮ ጫንኩ፤ ላፕቶፔ ቆመ። ዳታዬም አለቀ።

መላሽ፦ ለጀማሪ ይከብዳል። ኤስዲኬውንና ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ቀለል ያለ የኮድ መጻፊያ ጫን፣ የሲ ሻርፕ ኤክስቴንሽን ጨምር። ተርሚናል ላይ "ዶትኔት ኒው ኮንሶል" ብለህ ፕሮጀክት ትፈጥራለህ፣ "ዶትኔት ራን" ብለህ ታስኬዳለህ። ስለ ዳታው ደግሞ፦ አንድ የኑጌት ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ዝግጁ ኮድ) አንዴ ከወረደ ማሽንህ ላይ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ፕሮጀክት ያንኑ ቨርዥን ብትጠቀም ዳግም አይወርድም። ከጓደኛህ በፍላሽ ያመጣኸውን ፓኬጅም አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠህ ፎልደሩን እንደ ምንጭ ማስመዝገብ ትችላለህ።

ሳሪስ፦ ኮዴ አይሠራም። እርዱኝ።

መላሽ፦ ምን ብሎ ነው የማይሠራው፣ እህቴ?

ሳሪስ፦ ዝም ብሎ አይሠራም።

መላሽ፦ ዝም የሚል ኮምፓይለር አላውቅም። የኤረሩን ጽሑፍ ለጥፊ።

ሐረር በር፦ የእኔን ልለጥፍ። "ነል ሬፈረንስ ኤክሰፕሽን" ይላል፣ መስመር 41። የተማሪ መዝገብ ነው። መታወቂያ ቁጥር ሲገባ ተማሪውን በ"ፈርስት ኦር ዲፎልት" ፈልጎ የአድራሻውን ከተማ ያትማል። ተማሪው መዝገቡ ላይ አለ፤ በዓይኔ አየዋለሁ! ፕሮግራሙ ግን ይወድቃል።

መላሽ፦ ተባረክ፤ ጥያቄ እንዲህ ነው። አሁን ኮዱን አትነካካ። ብዙዎቻችሁ ኤረር ስታዩ አንዱን መስመር ትለውጣላችሁ፣ ታስኬዳላችሁ፣ ሌላውን ትለውጣላችሁ። እሱ ሎተሪ ነው።

መስመር 41 ላይ ሄደህ ኤፍ 9 ተጫን። በግራ በኩል ቀይ ነጥብ ይመጣል፤ ብሬክፖይንት ማለት እሱ ነው። ኤፍ 5 ስትጫን ፕሮግራሙ ይሄድና ቁጥሩን ይቀበልሃል፤ ከዚያ መስመር 41 ሊሠራ ሲል ይቆማል። አሁን ማውሱን "ተማሪ" የሚለው ቫሪያብል ላይ አድርግ። "ነል" (ምንም የለም) ካለህ አድራሻው ምንም አላጠፋም፤ መጀመሪያውኑ ተማሪው አልተገኘም ማለት ነው። "ፈርስት ኦር ዲፎልት" ካላገኘ ነል ይመልሳል፤ አይጮህም። የሚጮኸው ቀጣዩ መስመር ነው።

ቀጥሎ ማውሱን የገባው ቁጥር ላይ አድርግና ምን እንደሚል ንገረኝ። ጥቅሱን ጭምር።

ሐረር በር፦ "014 " ይላል። ከ4 በኋላ ክፍት ቦታ አለ!

መላሽ፦ እሱ ነው። "014" እና "014 " ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዓይን አይታይም፣ ዲበገሩ (ፕሮግራሙን አቁሞ ውስጡን የሚያሳይህ መሣሪያ) ግን በጥቅስ ውስጥ አስቀምጦ ያሳይሃል። ሲገባ "ትሪም" አድርገው፤ ከዳርና ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ይቆርጣል። ደግሞም ባይገኝስ? "ተማሪው የለም" ብሎ የሚመልስ ኢፍ ጨምር። መስመር 41 ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ አልነበረም?

ሐረር በር፦ ነበረ። ሲኤስ 8602። ቢጫ ስለሆነ ዘለልኩት።

መላሽ፦ "ይሄ ነል ሊሆን ይችላል" እያለህ ነበር እኮ! ከሲ ሻርፕ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ኮምፓይለሩ ነልን አስቀድሞ ያሸታል። ከዶትኔት 6 ወዲህ ደግሞ አዲስ ፕሮጀክት ስትፈጥሩ በራሱ በርቶ ይመጣል። ቢጫውን አንብቡ። ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ብቻ "ነል አይደለም፣ እመነኝ" የሚለውን የቃለ አጋኖ ምልክት የምትጨምሩ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ጃቫ በደሜ፦ ይቅርታ ግን፣ ሲ ሻርፕ የጃቫ ኮፒ አይደል? ለምን ጃቫውን አንማርም?

የዴልፊ አዛውንት፦ ታሪኩን እንንገርህ። ሲ ሻርፕን የመራው አንደርስ ሄይልስበርግ ነው፤ ከዚያ በፊት ቦርላንድ በሚባል ኩባንያ "ቱርቦ ፓስካል" እና "ዴልፊ" የሚባሉትን የፕሮግራም መጻፊያዎች የሠራ ሰው። ፕሮፐርቲ የሚባለው ነገር ዴልፊ ውስጥ ነበረ። ጃቫ ዛሬም በእሱ ፈንታ፣ ዋጋ ለማንበብና ለመለወጥ "ጌት" እና "ሴት" እያለ ሜተድ ያስጽፋል።

ጃቫ በደሜ፦ ማይክሮሶፍትስ ጄ ፕላስ ፕላስ የሚል የራሱን ጃቫ አውጥቶ ጃቫን ሊያበላሽ ሲል አይደል የጃቫ ባለቤት የነበረው ሰን ኩባንያ በ1997 የከሰሰው? ሲ ሻርፕ የመጣው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

የዴልፊ አዛውንት፦ ከሳሽና ተከሳሽ በ2001 ተስማሙ፤ አንተ ግን እስካሁን ችሎት ላይ ነህ። ረጅም ሥራ እስኪያልቅ ፕሮግራሙን ሳያቆም የሚያስጠብቀው "ኤሲንክ አዌይት"ስ? ሲ ሻርፕ በ2012 አስገባው፤ ጃቫስክሪፕትም ቆይቶ ወሰደው።

ጃቫ በደሜ፦ እኔ ስለ ጃቫ አወራሁ፣ አንተ ስለ ጃቫስክሪፕት...

መላሽ፦ በቃ! ክርክሩን ቡና ላይ ጨርሱት። ኢንተርፌስን በአንዱ የገባው ሰው በሌላው አይጠፋበትም። ቀጣይ።

ሥራ ፈላጊ፦ ሲ ሻርፕ ሥራ ያስገኛል?

መላሽ፦ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አልመልስም። የምትፈልጋቸው ቀጣሪዎች ምን እንደሚጽፉ አንብብ።

ቀን ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የዕቁብ መመዝገቢያ ነው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው የምንፈልገው። ከልቸሩን (የቋንቋና የአገር ቅንብሩን) "ኤኤም ኢቲ"፣ ማለትም አማርኛ ኢትዮጵያ፣ ብናደርግ ጳጉሜን አይመጣም። ዶትኔት ያለውን የካሌንደር ክላስ ኢንሄሪት እናድርግ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዶትኔት የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የታይ ቡድሂስት ካሌንደር አለው። የእኛ የለውም።

ከሃይፋ፦ የዕብራይስጡ እንኳ አብሮ ይመጣል። እዚህ በየቀኑ እንጠቀምበታለን።

መላሽ፦ አዎ። "ካሌንደር" የሚለውን ክላስ ኢንሄሪት ማድረግ ይቻላል፣ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ከልቸሩ የሚቀበለው አስቀድሞ የተፈቀዱለትን ካሌንደሮች ብቻ ስለሆነ የራሳችሁን ስትሰጡት ኤክሰፕሽን ይወረውራል። ስለዚህ ኢንሄሪታንስን እርሱት። ዓመት፣ ወርና ቀን የያዘች አንዲት ትንሽ "ሪድኦንሊ ሪከርድ ስትራክት" (አንዴ ከተፈጠረች የማትለወጥ የዳታ ዓይነት) ጻፉ። ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው "ዴት ኦንሊ"፣ ሰዓት የሌለው የፈረንጅ ቀን፣ ይሁን፤ የእኛ ቀን ለማሳየትና ለመቀበል ብቻ። ሰዓትም ያለውን "ዴት ታይም" ካስገባችሁ "ከሌሊቱ 6 ሰዓት የቱ ቀን ነው" እያላችሁ ትከርማላችሁ።

ስሌቱ ይኸው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሳችሁ በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉ የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር ጨምሩ። ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ጨምሩ። ከቀኑ 1 ቀንሳችሁ ጨምሩ። በመጨረሻ 2795 ደምሩ፤ እሱ የመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. "ዴይ ነምበር" (ዴት ኦንሊ ለእያንዳንዱ ቀን የሚሰጠው ተራ ቁጥር) ነው። ድምሩን "ፍሮም ዴይ ነምበር" ለሚባለው የዴት ኦንሊ ሜተድ ስትሰጡት የፈረንጁን ቀን ያወጣላችኋል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ቁጥሮቹ ሁሉ "ኢንት" (ሙሉ ቁጥር) ይሁኑ፤ "ደብል" ካደረጋችሁ ክፍልፋይ ይገባና ጉድ ይፈላል።

መፈተኛ ቀን፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱን እንደ ዩኒት ቴስት (ኮዱን በራሱ የሚፈትን ትንሽ ኮድ) ጻፉ። መስከረምን በአንዱ ዓመት ብቻ ፈትኖ ያስረከበ ሰው ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ስህተቱን እንዲያርም ይጠራል። ተቃራኒውን፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ፣ ራሳችሁ ጻፉ።

ኖዳ ወዳጅ፦ ለምን ይደክማሉ? ኖዳ ታይም የሚባለው የቀንና የሰዓት ፓኬጅ የኮፕቲክ (የግብፅ ክርስቲያኖች) ካሌንደር አለው። ወሩና ቀኑ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ዓመቱ ላይ 276 መደመር ነው።

መላሽ፦ ትክክል። ለመሥሪያ ቤት ብሠራ እኔም እሱን እወስድ ነበር። ለመመረቂያ ግን ፈታኙ "276 ከየት መጣ?" ሲላቸው ምን ሊሉ ነው?

ቀን ቆጣሪ፦ ሌላም አለን። "ፀሐይ" ብለን የመዘገብናት አባል "ጸሐይ" ብለን ስንፈልግ አትገኝም።

መላሽ፦ አትገኝማ፤ ለዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ለሚሰጥበት ሥርዓት) ፀ እና ጸ ሁለት ፊደል ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። እያንዳንዱን ቡድን በሰባቱም ቤት ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ሜተድ ጻፉና ውጤቱን በሌላ ኮለም፣ ለፍለጋ ብቻ አስቀምጡ። ኃና ሃን፣ ሀና ሃንም አትርሱ። ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ግን እንዳትነኩት። ስሙ የራሱ ነው።

አቋራጭ፦ ኤአይ ኮዱን ከጻፈልኝ ይህን ሁሉ ለምን እማራለሁ?

መላሽ፦ መስመር 41 ላይ ሲወድቅ ማን ሊያየው ነው?

ሳሪስ፦ መጣሁ። ጽሑፉ ይኸው፦ "ዘ ፕሮሰስ ካኖት አክሰስ ዘ ፋይል" ይልና ፋይሉ በሌላ ፕሮሰስ ተይዟል ይላል።

መላሽ፦ ኤረሩ እኮ መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ቀድሞ ያስነሣሽው ፕሮግራም አልተዘጋም። ዝጊውና እንደገና ቢልድ አድርጊ።

ሳሪስ፦ ሠራ!! አመሰግናለሁ ጋሼ።

ባለ ፍላሽ፦ ፕሮጀክቴን ለጓደኛዬ ላኩለት፤ በጣም ትልቅ ሆነ።

መላሽ፦ "ቢን" እና "ኦብጅ" የሚባሉትን ፎልደሮች አጥፍተህ ላክ፤ እሱ ሲያስኬደው ራሳቸው ይፈጠራሉ። ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) የምትጠቀሙ ደግሞ "ዶትኔት ኒው ጊትኢግኖር" በሉ፤ የማይመዘገቡትን የሚዘረዝር ፋይል ይፈጥራል። ቢንና ኦብጅ ጊት ላይ አይወጡም። እደግመዋለሁ፦ አይወጡም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። የትኛውን ዶትኔት ላውርድ?

መላሽ፦ መልሱ ወደ ላይ አለ።

ከዱባይ፦ አማርኛ ሳትም ኮንሶሉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረድራል።

መላሽ፦ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የኮንሶሉን "አውትፑት ኢንኮዲንግ" (ፊደል የሚወጣበትን ኮድ) ዩቲኤፍ 8 አድርገው። ከዚያ በኋላ ባዶ ሳጥን ካየህ ችግሩ ፎንት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጥ። ካልሆነ ኤረሩን ለጥፍ። ፎቶ አይደለም።