ስለ ማያ መቃብር ቀይ ዱቄት ለተጠየቀው

ሰላም እህቴ። «በሜክሲኮ ያለችው የጥንታዊቷ የማያ ከተማ የፓሌንኬ ቀይ ንግሥት የተሸፈነችበት ዱቄት ሲናባር መሆኑ እንዴት ይታወቃል? በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መሣሪያ ብቻውን ይበቃል?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ከተሞችን ከገነቡት ከማያ ሕዝቦች መቃብር የወጣ ናሙና እጄ ገብቶ አያውቅም፤ ቀይ ቀለማትን ግን ለዓመታት በላብራቶሪ ስመረምር ኖሬአለሁ።

በማያ መቃብሮች በብዛት የሚገኙት ቀዮች ሁለት ናቸው። አንዱ ሲናባር ነው፤ የሜርኩሪና የድኝ ውህድ። እ.ኤ.አ. በ1994 በፓሌንኬ የተገኘችው ንግሥት የተሸፈነችው በዚህ ነው። ሌላው ሄማታይት፣ የብረት ኦክሳይድ ነው። በዓይን ብቻ መለየት አያስተማምንም።

መሣሪያው የሚነግርሽ ንጥረ ነገሩን ነው፤ ውህዱን አይነግርሽም። 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የኤክስሬይ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ጠንካራ የሜርኩሪ ምልክት ካየሽ፣ ከቀይ ቀለሙ ጋር ሲጣመር ሲናባር ለማለት ያስደፍራል። ድኙን ግን በዚያው መሣሪያ ለማረጋገጥ አትድከሚ፤ ምልክቱ ከራሱ ከሜርኩሪ ሁለተኛ ምልክት ጋር ይደራረባል፣ አየሩም ይውጠዋል።

አስቸጋሪው ብረት ነው። ብረት በአፈሩም አለ፣ አጥንቱም ከአፈር ይመጠዋል። ስለዚህ ቀለም ያልነካውን አጥንትና አጠገቡ ያለውን አፈር ሳትለኪ «ሄማታይት ነው» ብለሽ አትጻፊ።

ማረጋገጫው ራማን ነው፤ ሌዘር አብርቶ ከሚመለሰው ብርሃን ውህዱን የሚለይ ምርመራ። በሚያወጣው ግራፍ ላይ የሲናባር ምልክት 253፣ የሄማታይት ደግሞ 225 እና 292 በሴንቲሜትር (cm⁻¹) አካባቢ ይታያሉ። የሌዘሩን ኃይል ግን ከዝቅተኛው ጀምሪ። እኔ አንድ ጊዜ ኃይሉን አብዝቼ ቢጫ የብረት ማዕድን የነበረውን ጎታይት ወደ ሄማታይት ቀየርኩት፤ ያልነበረ ቀይ ቀለም «ነበር» ብዬ ልመዘግብ ምንም አልቀረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለእኔ ግን ከቀለሙ ስም በላይ የሚያጓጓኝ ቀለሙ የተቀባበት ጊዜ ነው። በሆንዱራስ ኮፓን፣ ማርጋሪታ በሚባለው መቃብር ማያዎች ከቀብሩ በኋላ ተመልሰው ገብተው አጥንቶቹን በሲናባር ቀብተዋል። ዱቄቱ ሥጋው ሳለ የተነሰነሰ ነው ወይስ በባዶ አጥንት ላይ? መልሱ ያለው ቀለሙ በተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ሥጋና ጅማት ሳለ ሊደረስበት በማይችል የመገጣጠሚያ ገጽ ላይ በብሩሽ የተቀባ መስሎ ከተገኘ፣ አጥንቱ ያኔ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከቁፋሮው የመጣውን አጥንት ማንም እንዳያጥበው አስቀድመሽ ለምኚ። ጓንትና ጭንብል ሳታደርጊ አትንኪው፣ ናሙናውንም በምንም ምክንያት አታሙቂው፤ ሲሞቅ የሚወጣው መርዛማ የሜርኩሪ ትነት ሽታ የለውም።