ስለ ሳይክል መቀመጫ የጠየቃችሁኝ ሴቶች፣ ይኸው

ባለፈው ስለ ሳይክል መቀመጫ አንድ ነገር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ፣ ለካ ሁላችንም በየጓዳችን ነው የምንሰቃየው።

«ባህር ዳር ነኝ፣ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። አመመኝ ብዬ ወፍራም ጄል ያለው መቀመጫ ገዛሁ ጭራሽ ባሰብኝ።»

እህቴ እኔም ሱቅ ውስጥ በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ «ውይ ሲለሰልስ» ብዬ ነው የተሸወድኩት። ለአስር ደቂቃ ሶፋ ነው፣ ከዛ ግን የመቀመጫ አጥንቶችሽ ወደ ውስጥ ይሰምጡና መሃል ላይ ያለው ጄል ተነስቶ ስስ ቦታሽን ይጫነዋል። ክብደትሽን መሸከም ያለባቸው ሁለቱ አጥንቶች ናቸው፣ የሴት ደግሞ ባብዛኛው ከወንድ ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ ከልስላሴው በፊት ወርዱን እዪ። ጠንካራ ወንበር ላይ የካርቶን ቁራጭ አድርጊና ጎንበስ ብለሽ ቁጭ በይበት፣ ስትነሺ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ታያለሽ፣ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኪና 2 ሴንቲ ገደማ ጨምሪ። 12 ከመጣ 14 አካባቢ ፈልጊ ማለት ነው። ቀጥ ብለሽ የምትነጂ ከሆነ ትንሽ ሰፋ ይበል። (በር ዘግተሽ ለኪ፣ እኔን ወንድሜ አይቶኝ እስካሁን ይስቅብኛል።)

«ከፊት በኩል ይደነዝዘኛል፣ ይለመዳል ይሉኛል። እውነት ነው?»

አይለመድም! አጥንቱ ጋ የሚሰማሽ ህመም መጀመሪያ ሰሞን ያለ ነው፣ ቀስ እያለ ይለቃል፣ መደንዘዝ ግን ሌላ ነው። ሌላ መቀመጫ ከመግዛትሽ በፊት ቁልፍ ተዋሺ። የመቀመጫው ጫፍ ወደ ላይ ቀና ካለ ብሎኑን ፈትተሽ እኩል አድርጊው፣ ካልበቃ ትንሽዬ ዝቅ፣ ከበዛ ግን ወደ ፊት እያንሸራተተሽ እጅሽን ያሳምምሻል። ከፍታውንም እዪ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝሽ ላዩ ሆኖ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት፣ ዳሌሽ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ከሆነ ከፍ ብሏል። ይሄ ሁሉ ካልሠራ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ ሞክሪ። ቁስል ወይ እብጠት ካለሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ እንጂ እኔን አትጠብቂ።

«ዲሲ ነው ያለሁት፣ ፓድ ያለው ቁምጣ ገዛሁ፣ ከስሩ ፓንት ይለበሳል?»

አይለበስም። የፓንቱ ስፌት ነው የሚልጥሽ። በለበስሽው ቁጥር እጠቢው በቃ።

«58 ዓመቴ ነው፣ ሀዋሳ ቀሚስ ለብሼ ነው የምነዳው። ልጄ ከውጭ ቀጭን የስፖርት መቀመጫ ላከልኝ፣ ልቀይረው?»

እትዬ፣ ይተዉት። እሱ መሪው ላይ ተደፍተው ለሚበሩት ነው፣ እርስዎ ቀጥ ብለው ስለሚነዱ ክብደትዎ ሁሉ መቀመጫው ላይ ነው የሚያርፈው። ሰፋ ያለ፣ ከስሩ ስፕሪንግ ያለው፣ አፍንጫው አጠር ያለ ቢሆን ቀሚስዎንም አይዝም። የልጅዎን ስጦታ ለሰፈር ጎረምሳ ይስጡት፣ ለልጅዎ ግን አይንገሩት።

«ለባለቤቴ መቀመጫ ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብዬ ነበር፣ የሴት የተባለውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ «የሴት» የሚለው ጽሁፍ ልኳን አይነግርህም፣ አንዳንዱ ቀለሙ ብቻ ነው የሴት። መጀመሪያ ካርቶን ላይ መቀመጥ አለባት፣ ያኔ ደግሞ ሰርፕራይዙ የለም። ደወል ግዛላት።