«መዘበረ» ወይስ «አጎደለ»?

ጠያቂያችን ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያስረክቡ ጉድለት ተገኘባቸው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «የእድሩን ገንዘብ መዝብረዋል» ብለው ጻፉ። አንድ ሽማግሌ ግን «መዘበረ የጦር ቃል ነው፤ አጉድለዋል በል» ብለው ተቆጡ። የማን ይሻላል ነው ጥያቄው።

እኔ ለሽማግሌው አደላለሁ። ምክንያታቸውን ግን አልቀበልም። የጦሩ ቃል «በዘበዘ» ነው። በግእዝ «በዝበዘ» ዘረፈ ማለት ነው። «መዘበረ»ም ከእሱ የወጣ ነው የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው! ግእዝ ሁለቱንም ለየብቻ ያውቃቸዋል። «መዝበረ» አፈረሰ፣ አወደመ ነው። «መ»ም ቢሆን የግሡ ሥር እንጂ ከፊት የተቀጠለ ባዕድ ፊደል አይደለም። መረመረ ብሎ ምርመራ እንደሚል፣ መዘበረ ብሎ ምዝበራ ይላል።

የመንዝን የድንጋይ ቤት ያየ ሰው ይህ ቃል ይገባዋል። አንዱ ከውስጥ በኩል ካቡን አንድ አንድ ድንጋይ ቢመዝዘው ከውጭ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ግን ይናዳል። ግእዙ «ከውስጥ» የሚል ነገር የለውም፤ ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ግን ምዝበራ ይኸው ነው።

አባቶቻችን በቀላሉ «በላ» ይሉ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የመጣው፣ ሹም ከገባሩ እየበላ ከሚኖርበት ሥርዓት ነው። ያኔ መብላት የሹመቱ መብት ነበር። ነውር የሆነው በኋላ ነው።

አሁንማ ሁሉንም «ሙስና» ዋጠው። ዳዊት በ15ኛው መዝሙር «ወኢትሁቦ ለጻድቅከ ይርአይ ሙስና» (ጻድቅህን መበስበስ እንዲያይ አትሰጠውም) ሲል ስለ መቃብር መበስበስ ነው። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ ግን ጉቦውም፣ ስርቆቱም፣ ዘመድ መጥቀሙም ሙስና ነው። ያናድደኛል። ስንት ስም የነበረው ጥፋት ባንድ ስም ሲጠራ ልዩነቱ ይጠፋል።

ወደ እድሩ ልመለስ። «ጎደለባቸው» ሲባል የቆጠራ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። «አጎደሉ» ሲባል እጃቸው አለበት። «መዘበሩ» ሲባል ፍርድ ተሰጥቷል። እንደ ቁና ስፍር ነው፤ መጉደሉን ማየትና ማን እንዳጎደለው ማወቅ ለየቅል ናቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 675 «እምነት ማጉደል» ነው የሚለው። ቃሉን ወድጄዋለሁ።

ዛሬ ሬዲዮውም ሪፖርቱም «የሕዝብ ሀብት ምዝበራ» ይላል። ሲሰማው ስለ ፈረሰ ቤት የሚያስብ ሰው የለም። ስለዚህ የጸሐፊው አማርኛ ተሳስቷል ማለት አልችልም፤ ሳልወድ እቀበላለሁ። ቃለ ጉባኤው ገና ካልተፈረመ ግን ይሰርዙትና «ጎደለባቸው» ይበሉ። «አጎደሉ» የሚለው ሒሳቡ ተመርምሮ ሲያልቅ ይደርሳል።